ከደቃቅ ክሪስታሎች ሽቦ እንዴት ይሠራል? ስለ ሞለኪውላዊ አብነት የተዘጋጀ ማብራሪያ

«ናኖ» የሚለው ቃል በአሁኑ ጊዜ ከቀለም ቆርቆሮ እስከ ቴሌቪዥን ማሸጊያ ድረስ ተጽፎ ይገኛል። ቃሉ በራሱ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ የሚያመለክተው መጠንን ብቻ ነው። የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ አንድ ናኖሜትር ይባላል። በዚህ መጠን ከሚከናወኑ ምርምሮች መካከል ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያደክም የቆየውና ትልቅ ተስፋም የተጣለበት አንዱ፣ ከፊል አስተላላፊ የሆኑ ደቃቅ ክሪስታሎች በራሳቸው ተሰልፈው ሽቦ እንዲሆኑ የማድረግ ሥራ ነው።

ይህ ጽሑፍ አሠራሩን፣ የደረሰበትን ደረጃና ገና መፍትሔ የሚሻውን ችግር ያስረዳል። የተዘጋጀውም የሳይንስ ትምህርት በጥልቀት ላልተከታተለ አንባቢ ጭምር ግልጽ እንዲሆን ታስቦ ነው። የዘርፉን ትምህርት ለመምረጥ የሚያመዛዝን ተማሪ፣ ዕቃ ለመግዛት የተዘጋጀ ሸማች፣ እንዲሁም በዘርፉ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት «ናኖሽቦ» የሚል ቃል ሲያጋጥመው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ወተት ሲረጋ የሚሆነው

አሠራሩን ለመረዳት ከቤት መጀመር ይቻላል። ትኩስ ወተት ውስጥ ካዚን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ደቃቅ እንክብሎች አሉ፤ የአንዱ እንክብል ስፋት በአማካይ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። እንክብሎቹ በፈሳሹ ውስጥ ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይጋጫሉ፤ ሆኖም አይጣበቁም። ይህም የሆነው በላያቸው ላይ እንደ ፀጉር የቆመ የፕሮቲን ሽፋን ስላለና አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። ወተቱ በታጠነ ቅል ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ያንን ሽፋን ያጣጥፈዋል፣ መገፋፋቱንም ያዳክመዋል። ያን ጊዜ ቀድሞ ተጋጭተው ይለያዩ የነበሩት እንክብሎች መያያዝ ይጀምራሉ፤ ወተቱም ይረጋል።

እርጎን ማንም በእጁ አልደረደረውም። ባለሙያዋ ያደረገችው ሁኔታውን ማመቻቸት ነው፦ የዕቃውን ንጽሕና፣ ሙቀቱን፣ የቆይታውን ጊዜ። የቀረውን ሥራ እንክብሎቹ ራሳቸው ሠርተውታል። ሳይንቲስቶች «በራስ መደራጀት» ብለው የሚጠሩት ይህንኑ ነው፤ የናኖክሪስታል ተመራማሪም የሚያደርገው በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የሚለየው ውጤቱ ላይ ነው። በእርጎ ውስጥ የሚፈጠረው መያያዝ በሁሉም አቅጣጫ የሚዘረጋ መረብ ሲሆን፣ ሽቦ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲረዝም ይፈለጋል። እንክብሉ ወይም ክሪስታሉ «በዚህ በኩል ተያያዝ፣ በዚያ በኩል ግን አትያያዝ» የሚለውን ትእዛዝ ከወዴት ያገኛል? የአብነት ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ክሪስታሉና ካባው

አስቀድሞ ግን ስለ ክሪስታሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከፊል አስተላላፊ ማለት ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በነፃነት የማያሳልፍ፣ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ የማይከለክል፣ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ሲሞቅ ወይም የኤሌክትሪክ ግፊት ሲደረግበት ግን የማሳለፍ ባሕርይው የሚለወጥ ቁስ ነው። ከሁሉም የታወቀው ሲሊኮን ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ተደጋግመው የሚነሡት ደግሞ ካድሚየም ሰልፋይድ፣ ካድሚየም ቴሉራይድ፣ ዚንክ ሰልፋይድ እንዲሁም የእርሳስ ማዕድንና የሴሌኒየም ውህድ የሆነው ሌድ ሴሌናይድ ናቸው።

እነዚህ ቁሶች ጥቂት ናኖሜትር ወደሚሆን መጠን ሲወርዱ ባሕርያቸው ይለወጣል። 5 ናኖሜትር ስፋት ያለው የካድሚየም ሴሌናይድ ክሪስታል የያዘው ሁለት ሺህ ገደማ አቶሞችን ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ የተወሰነ ኤሌክትሮን የሚያወጣው ብርሃን ቀለሙ በክሪስታሉ መጠን ይወሰናል፦ ያው ቁስ፣ ያው ኬሚካላዊ ይዘት፣ አነስ ሲል ወደ ሰማያዊ፣ ተለቅ ሲል ወደ ቀይ ያደላል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሌክሲ ኤኪሞቭ በሶቪየት ኅብረት በመስታወት ውስጥ፣ ሉዊስ ብሩስ ደግሞ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በፈሳሽ ውስጥ ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሙንጊ ባዌንዲና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መጠናቸው የተመጣጠነ ክሪስታሎችን የማዘጋጃ ዘዴ አቀረቡ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. የ2023 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

እያንዳንዱ ናኖክሪስታል ካባ አለው። ካባው ከሞለኪውሎች የተሠራ ነው፤ የሞለኪውሉ አንድ ጫፍ የክሪስታሉን ገጽ ይይዛል፣ ሌላው ጫፍ ወደ ፈሳሹ ይዘረጋል። ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ሞለኪውሎች መካከል ኦሌይክ አሲድ የወይራ ዘይት ዋነኛ ክፍል ነው፤ ታዮግላይኮሊክ አሲድ ደግሞ በፀጉር ቤቶች ፀጉርን ለመጠቅለል በሚውሉ መድኃኒቶች ውስጥ ይገኛል። ካባው ባይኖር ክሪስታሎቹ ወዲያውኑ ተጣብቀው ቅርጽ የለሽ ክምር ይሆኑ ነበር። በወተቱ እንክብል ላይ የነበረው ፀጉር መሰል ሽፋን የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው ይህ ካባ ነው። ይኸው ካባ ኋላ የኤሌክትሪክን መንገድ የሚዘጋ ዋና እንቅፋት ሆኖ ስለሚመጣ አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

አብነቱ ምንድን ነው?

አብነት የሚለው ቃል ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ተማሪው ተከትሎት የሚሄደው ምሳሌ ማለት ነው። ሞለኪውላዊ አብነትም እንዲሁ ክሪስታሎች ተከትለውት የሚሰለፉ ረጅምና ቀጭን ሞለኪውል ወይም የሞለኪውሎች ስብስብ ነው። ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ የተወሰነ ቅርጽ፣ እንዲሁም ክሪስታሉን ወይም ክሪስታሉ የሚሠራበትን አቶም የሚይዝ ገጽ።

ዲኤንኤ ሁለቱንም ያሟላል። ስፋቱ 2 ናኖሜትር ብቻ ሲሆን ርዝመቱ ግን ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በጎንና ጎኑ በቋሚ ርቀት የተደረደሩት የፎስፌት ክፍሎች አሉታዊ ቻርጅ ስላላቸው አዎንታዊ ቻርጅ ያለውን የካድሚየም አዮን ይስባሉ። ካድሚየሙ በዲኤንኤው ላይ ከሰፈረ በኋላ የሰልፈር ውህድ ሲጨመር ካድሚየም ሰልፋይድ እዚያው በስፍራው ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ኬሚስቶች ጫፎቹ የተጋጠሙ ክብ ዲኤንኤ ተጠቅመው ይህን አደረጉ፤ የተገኙት ናኖክሪስታሎችም የዲኤንኤውን ክብ ቅርጽ ተከትለው ተሰልፈው ታዩ። ቅርጹን የሰጠው የኬሚስቱ እጅ ሳይሆን አብነቱ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በእስራኤል ሐይፋ ከተማ በሚገኘው ቴክኒዮን ተቋም የተሠራው ሥራ ሌላ ጥያቄ መለሰ። ተመራማሪዎቹ 12 ማይክሮሜትር በተራራቁ ሁለት የወርቅ ኤሌክትሮዶች መካከል ዲኤንኤ ዘረጉ፤ ከዚያም በዲኤንኤው ላይ የብር ማዕድን እንዲያድግ አደረጉ። ዲኤንኤው ብቻውን ሳለ ሊለካ የሚችል ኤሌክትሪክ አላሳለፈም፤ ብሩ ከለበሰ በኋላ ግን አሳለፈ። ብር ከፊል አስተላላፊ አይደለም፣ ስለዚህ ይህ ሥራ ከርእሳችን ጥቂት ወጣ ያለ ነው። የተጠቀሰበት ምክንያት አብነት የሽቦውን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የሚያያዝበትንም ስፍራ ሊወስን እንደሚችል ስላሳየ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው አብነት ግን ቫይረስ ነው። ኤም 13 የሚባለው ቫይረስ የሚያጠቃው ባክቴሪያን ብቻ ሲሆን ሰውን አያሳምምም። ቅርጹ እንደ ክር ነው፤ ርዝመቱ ወደ 900 ናኖሜትር ይጠጋል፣ ስፋቱ ግን ከ7 ናኖሜትር አይበልጥም። ጎኑን የሚሸፍኑት 2,700 ገደማ የሆኑ አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። የፕሮቲኑ ዘረ መል ሲለወጥ በሺዎች የሚቆጠሩት ቅጂዎች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። ይህም ማለት በቫይረሱ ቁመት ሁሉ በእኩል ርቀት ክሪስታል የሚይዙ እጆች ይበቅላሉ ማለት ነው።

የትኛው ፕሮቲን የትኛውን ክሪስታል እንደሚይዝ በስሌት ብቻ ማወቅ አዳጋች ነው። አንጄላ ቤልቸርና ባልደረቦቿ የተጠቀሙበት መንገድ ገበሬ ዘር ከሚመርጥበት ጋር ይመሳሰላል። በቢሊዮን የሚቆጠሩ፣ በፕሮቲናቸው እርስ በርስ የሚለያዩ ቫይረሶች በክሪስታሉ ገጽ ላይ ይፈሳሉ፤ ያልተጣበቁት ታጥበው ይሄዳሉ፤ የተጣበቁት ተለይተው በባክቴሪያ ውስጥ ይራባሉ፤ ምርጫው እንደ ገና ይደገማል። ከጥቂት ዙር በኋላ የሚቀረው አጥብቆ የሚይዘው ዝርያ ነው። በዚህ መንገድ ለከፊል አስተላላፊ ገጾች የሚስማሙ ፕሮቲኖችን ማግኘት እንደሚቻል ያሳየው ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በኤም 13 ላይ የዚንክ ሰልፋይድና የካድሚየም ሰልፋይድ ሽቦዎችን መሥራታቸውን አስታወቁ። የትንባሆ ቅጠልን የሚያጠቃው ሌላ ቫይረስም፣ 300 ናኖሜትር ርዝመትና 18 ናኖሜትር ስፋት ያለው ውስጡ ክፍት ቀሰም መሰል አካል በመሆኑ፣ ለተመሳሳይ ተግባር ውሏል።

አብነት የሌለበት ሁኔታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዢዮንግ ታንግ፣ ኒኮላስ ኮቶቭና ሚካኤል ጊርሲግ በካድሚየም ቴሉራይድ ክሪስታሎች ላይ ያለውን ካባ ሙሉ በሙሉ ሳይገፉ በከፊል ብቻ ቀነሱት። ክሪስታሎቹ በውኃ ውስጥ ለቀናት ሲቆዩ መጀመሪያ በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ተሰለፉ፤ ቀስ በቀስም ዶቃዎቹ ተዋሕደው ብርሃን የሚሰጡ ለስላሳ ሽቦዎች ሆኑ። አቅጣጫውን ማን ሰጣቸው ለሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ፣ እያንዳንዱ ክሪስታል እንደ ማግኔት ሁለት ጫፍ ያለው የኤሌክትሪክ ዋልታ ስላለው ራስ ከጅራት እየተሳሳቡ ይሰለፋሉ የሚል ነው። የወተቱ ምሳሌ ከዚህ ሥራ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ ካባው ሳስቶ መገፋፋቱ ሲቀንስ መያያዙ ጀመረ።

በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ የሚታይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ክሪስታሎቹ የሚያያዙበት ኃይል ከመጠን በላይ ከጠነከረ በተነካኩበት ስፍራ ሁሉ ይጣበቁና የተዘበራረቀ ክምር ይወጣል። እጅግ ከደከመ ደግሞ የፈሳሹ ሙቀት ራሱ እያናወጠ ይለያያቸዋል። የሚፈለገው መካከለኛው ነው፦ ስፍራውን ስቶ የተቀመጠ ክሪስታል ተነሥቶ ትክክለኛውን ስፍራ እስኪያገኝ የሚንቀሳቀስበት፣ ካገኘ በኋላ ግን የሚጸናበት። ጊዜው ከሰዓታት እስከ ቀናት የሚረዝመውም በዚህ ምክንያት ነው። ማቻኮል ስሕተትን ማጽናት ይሆናል።

ዶቃ ወይስ ሽቦ?

በዚህ መስክ የሚወጡ ዜናዎችን ሲያነቡ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለዩት የሚገባው ነገር ይህ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በአንድ መስመር የተሰለፉ ክሪስታሎች ሽቦ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ተሰለፉ ማለት ተገናኙ ማለት አይደለም። በሁለቱ ክሪስታሎች መካከል ካባቸው አለ፤ ካባው ደግሞ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነው። ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ይህን ክፍተት መዝለል ይኖርበታል። የመዝለል ዕድሉም በርቀት ላይ እጅግ ጥብቅ በሆነ ሁኔታ ይወሰናል፦ እንደ ኦሌይክ አሲድ ባለ የካርቦን ሰንሰለት በተሞላ ክፍተት ውስጥ፣ ርቀቱ በአንድ ናኖሜትር አንድ አሥረኛ በጨመረ ቁጥር ፍሰቱ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ናኖሜትር ያህል የሰፋ ክፍተት ፍሰቱን በአሥር ሺዎች እጥፍ ይቀንሰዋል ማለት ነው። በአንድ ማይክሮሜትር ርዝመት ባለ ሰንሰለት ውስጥ እንዲህ ያሉ ክፍተቶች ከመቶ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ሰፍቶ ቢገኝ የጠቅላላው ፍሰት በእርሱ ይታሰራል።

የካባውን ኃይል በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2005 ዲሚትሪ ታላፒንና ክሪስቶፈር መሪ በአይቢኤም ኩባንያ የምርምር ማዕከል የሠሩት ሥራ ነው። ሥራው የተከናወነው በሽቦ ላይ ሳይሆን ከሌድ ሴሌናይድ ናኖክሪስታሎች በተሠራ ስስ ንጣፍ ላይ ነው፤ ነገር ግን መገጣጠሚያው አንድ ነው። በክሪስታሎቹ ላይ የነበረውን ረጅም የኦሌይክ አሲድ ካባ ሃይድራዚን በሚባል እጅግ አጭር ሞለኪውል ሲያስለቅቁት የንጣፉ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታ አሥር ቢሊዮን ጊዜ ገደማ አደገ። ክሪስታሎቹ እነዚያው ናቸው። የተለወጠው በመካከላቸው ያለው ብቻ ነው። ሃይድራዚን እጅግ መርዛማ በመሆኑ ግን ዘዴው እንዳለ ወደ ፋብሪካ ሊገባ የሚችል አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህም ተመራማሪዎች የተሻሉ አጫጭር ሞለኪውሎችን ሲፈልጉ ቆይተዋል።

ሁለተኛው መንገድ ክፍተቱን ማጥበብ ሳይሆን ማጥፋት፣ ማለትም ክሪስታሎቹን ማዋሐድ ነው። ሊ ፔንና ጂሊያን ባንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 በቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ እንዳሳዩት፣ ሁለት ናኖክሪስታሎች ሲገናኙ የአቶሞቻቸው ረድፎች ፊት ለፊት እስኪገጥሙ ድረስ ሊዞሩ፣ ከገጠሙ በኋላም አንድ ክሪስታል ሊሆኑ ይችላሉ። ግንበኛ ጡቡን ገጽታው እስኪስተካከል ድረስ እንደሚያዞረው ያለ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ግንበኛ አለመኖሩ ነው። የአይቢኤም ተመራማሪዎች በ2005 በዚህ መርሕ ከሌድ ሴሌናይድ ናኖክሪስታሎች ቀጥ ያሉ፣ የተጠማዘዙ፣ ቅርንጫፍ ያወጡ ሽቦዎችን፣ ቀለበቶችንም ጭምር ሠርተዋል።

የቫይረሱም ሥራ የተጠናቀቀው በዚሁ ዓይነት ነው። በኤም 13 ጎን የተሰለፉት የዚንክ ሰልፋይድ ክሪስታሎች ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቁ ፕሮቲኑ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ክሪስታሎቹም ተዋሕደው አንድ ወጥ ሽቦ ሆኑ። የአገራችን አንጥረኞች የመጾር መስቀልን በሰም ቅርጽ ሠርተው፣ በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው በስፍራው ብረታ ብረት እንደሚያፈሱ ሁሉ፣ አብነቱ ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል፤ ቅርጹ ግን ይቀራል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከቀረቡት መንገዶች ሁሉ ምሉዕ የሆነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አብነቱ ክሪስታሎቹን መደርደር ብቻ ሳይሆን የአቶም ረድፎቻቸው አስቀድመው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ አድርጓቸዋል። በማንኛውም አቅጣጫ የተቀመጡ ክሪስታሎች ቢሞቁ ኖሮ ጠባሳ የበዛበት ሽቦ ይወጣ ነበር፤ ጠባሳው ደግሞ ኤሌክትሮኖችን እንደ ካባው ሁሉ ያሰናክላል።

ለምን ፋብሪካዎችን አልተካም?

ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ የሚገኙት ቺፖች የሚሠሩት በተቃራኒው መንገድ ነው። ከትልቅ የሲሊኮን ገበታ ተነሥቶ በብርሃን ንድፍ ይነደፋል፣ የማይፈለገውም ይጠረባል። ለረቂቅ ንድፎች የሚውለው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር ነው፤ ይህን ብርሃን የሚያመነጨውንና የሚያነጣጥረውን መሣሪያ የሚሠራው በኔዘርላንድስ የሚገኘው ኤኤስኤምኤል ኩባንያ ሲሆን የአንዱ መሣሪያ ዋጋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለማቋቋም አቅም ያላቸው አገሮች ጥቂት ናቸው። በአንጻሩ በራስ መደራጀት የሚከናወነው በብርጭቆ ዕቃ፣ በፈሳሽ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በክፍል ሙቀት ነው። ተስፋውን ያሳደገውም ይህ ንጽጽር ነው።

ሆኖም ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም። በአንድ ዘመናዊ ቺፕ ላይ ከ10 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተሮች ሊኖሩ ይችላሉ። በራስ የሚደራጅ ሥርዓት ከሚሊዮን አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት እንኳ በዚያ ቺፕ ላይ አሥር ሺህ ብልሽት ይገኛል ማለት ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚደራጁ ሽቦዎች በርዝመታቸው ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ ይቆረጣሉ፣ አንዳንዶቹ ይጠላለፋሉ። ከተሠሩም በኋላ እያንዳንዱን ወስዶ በታሰበለት ስፍራ ማስቀመጥና ሁለቱን ጫፎቹን ከብረት ጋር ማገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሐይፋው ሙከራ ለአንድ ሽቦ ያደረገውን ለአንድ ቢሊዮን ሽቦ ማድረግ በጣም የተለየ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ሽቦዎች የሲሊኮን ቺፕ ተተኪ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። ይበልጥ የሚቀርበው አገልግሎታቸው ጥቂት ስሕተት ጉዳት በማያደርስበት መስክ ላይ ነው። የሽቦው ገጽ ከውስጡ አንጻር ሲታይ እጅግ ሰፊ በመሆኑ፣ በላዩ የሚያርፍ የጋዝ ወይም የበሽታ አመልካች ሞለኪውል የሽቦውን ፍሰት በግልጽ ይለውጠዋል፤ ይህም ለመመርመሪያ መሣሪያ ይጠቅማል። ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ቁስም፣ ሽቦ ሲሆን የተፈጠረውን ኤሌክትሮን ወደ ጫፉ የሚመራ መንገድ ያገኛል።

ዘርፉን ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል። ክሪስታሎቹን ማዘጋጀት በአንጻሩ ርካሽ ነው፤ የተዘጋጀውን ማየት ግን ውድ ነው። ሰንሰለቱ ዶቃ ይሁን ሽቦ ለመለየት የአቶም ረድፎችን የሚያሳይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ በዋጋውም በጥገናውም ከባድ ነው። ወደ ዘርፉ የሚገቡትም ከአንድ በር ብቻ አይደለም፤ ኬሚስቱ ካባውን፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያው ቫይረሱን፣ የፊዚክስ ባለሙያው ፍሰቱን ይዞ ይመጣል።

በገበያ ላይ ሲያጋጥምዎ

ከዚህ በላይ የተገለጸው አሠራር አሁንም በዋናነት የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። በሱቅ የሚያገኟቸው ስማቸው የሚቀራረብ ዕቃዎች ከዚህ አሠራር የመጡ እንዳልሆኑ ማወቅ ይጠቅማል። «ኳንተም ዶት» ወይም «ኪውኤልኢዲ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቴሌቪዥኖች ለቀለም የሚጠቀሙት በነጠብጣብ ክሪስታሎች እንጂ በሽቦ አይደለም። በአንዳንድ የንክኪ መስታወቶች ውስጥ ያለው ናኖሽቦ የብር ማዕድን ነው፤ ከፊል አስተላላፊ አይደለም። የካድሚየም ቴሉራይድ የፀሐይ ፓነሎችም የሚሠሩት በስስ ንጣፍ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩና የሚጠቅሙ ዕቃዎች ናቸው፤ ስማቸው ግን ለሌላ ነገር ማስተዋወቂያ እንዳይውል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በራሱ በተደራጀ ናኖሽቦ የተሠራ ምርት አለኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ቢኖር፣ የማይክሮስኮፕ ሥዕል ብቻ ማሳየቱ በቂ አይደለም። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የተለካውን የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ስንት ሽቦዎች ላይ እንደ ተለካ፣ ከእነዚያም ስንቶቹ እንዳልሠሩ ይጠይቁ። እውነተኛ ባለሙያ ለሦስተኛው ጥያቄ ዝግጁ መልስ ይኖረዋል።

ሌላው ጉዳይ ጤና ነው። ከተጠቀሱት ቁሶች ብዙዎቹ ካድሚየም ወይም እርሳስ አለባቸው። ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፤ ከሰውነት ለመውጣትም ብዙ ዓመታት ይወስድበታል። በጃፓን በቶያማ ግዛት፣ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም ወደ ጂንዙ ወንዝ ገብቶ በመስኖ የሩዝ ማሳዎችን በመበከሉ፣ ነዋሪዎች አጥንታቸው እየሳሳ በከባድ ሕመም ተሠቃይተዋል፤ የአገሪቱ መንግሥትም የበሽታው መንሥኤ ካድሚየም መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 በይፋ አስታውቋል። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ የሚፈቅደው የካድሚየም መጠን በአንድ ወጥ ቁስ ክብደት ከመቶ 0.01 እንዳይበልጥ የወሰነው፣ የተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ቢኖሩም፣ ስለዚህ ነው። ብዙ ተመራማሪዎችም ወደ ዚንክ ሰልፋይድና ኢንዲየም ፎስፋይድ፣ እንዲሁም ወደ ሌሎች ካድሚየም የሌለባቸው ቁሶች ፊታቸውን አዙረዋል።

ካድሚየም በያዘ፣ ባልተሰበረና በታሸገ ዕቃ መጠቀም ለተጠቃሚው አደጋ አይሆንም። አደጋው ያለው ዕቃው ሲሰበር፣ ሲቃጠል ወይም በአፈር ውስጥ ሲጣል ነው። ይህም ገና ወደፊት በሚመጣ ናኖሽቦ ላይ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በአሮጌ የእጅ ባትሪዎችና በገመድ አልባ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኙት ኒኬል ካድሚየም የሚባሉት ዳግም የሚሞሉ ባትሪዎች ከየትኛውም የቤተ ሙከራ ሽቦ እጅግ የሚበልጥ ካድሚየም ይዘዋል። እነዚህን ባትሪዎች ከቤት ቆሻሻ ጋር አያቃጥሉ፣ ሕፃናት እንዲሰብሯቸው አይፍቀዱ፣ በጓሮ አትክልት አጠገብም አይቅበሩ፤ በደረቅ ስፍራ ለይተው በማስቀመጥ ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ለሚሰበስብ አካል ያስረክቡ።